የመኪና ካታላይዘር፦ ዕድሜው ስንት ነው? መቼስ ይለወጣል?

በቤንዚን በሚሠራ መኪና ላይ ከተገጠሙት ዕቃዎች ሁሉ ባለቤቱ አንድም ቀን ሳያየው የሚኖረው፣ ሲበላሽም ምን እንደ ነካው ሳይጠይቅ ተፈትቶ እንዲወጣ የሚፈቅደው ካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ በጋራዥ ቋንቋ ካታላይዘር የሚባለው ዕቃ ነው። በሞተሩና ማርሚታ በሚባለው የድምፅ መቀነሻ መካከል የሚገኘው ይህ ዕቃ ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ተቀብሎ በውስጡ ያሉትን መርዛማ ጋዞች ጉዳታቸው ወደ ቀነሰ ጋዞች ይለውጣል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዓባይ በረሃ፣ በደጀንና በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው ዋና መንገድ ላይ የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን አማኑኤልን አቋርጠው ከሚያልፉት የቤንዚን መኪኖች ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ይህን ዕቃ ይዘው ነበር፤ ዛሬ በሆዳቸው ሥር ያለው በእርግጥ የሚሠራ ካታላይዘር ነው ወይስ ውስጡ የተራገፈ ባዶ ቆርቆሮ የሚለው ግን ከመኪና መኪና ይለያያል። ስንት ዓመት ያገለግላል፣ መቼስ መለወጥ አለበት ለሚለው ጥያቄ አጥጋቢ መልስ የሚገኘው ዕቃው እንዴት እንደሚሠራና ምን እንደሚገድለው ሲታወቅ ነው።

ካታላይዘር ከውጭ ሲታይ የማይዝግ ብረት ሽፋን ያለው ድፍን ዕቃ ይመስላል፤ ቢከፈት ግን በውስጡ በከፍተኛ ሙቀት የተተኮሰ፣ እንደ ማር እንጀራ በቀጫጭን ቀዳዳዎች የተሞላ የሴራሚክ ቁራጭ ይገኛል። በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ስፋት ውስጥ 60 ያህል ቀዳዳዎች ይኖራሉ፤ አንዱን ቀዳዳ ከሌላው የሚለየው ግድግዳም ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በእነዚህ ግድግዳዎች ላይ ሻካራ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ልባስ ይቀባል፤ በልባሱ ላይ ደግሞ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ሦስት ውድ ማዕድናት፣ ማለትም ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም እጅግ ደቅቀው ይበተናሉ። በአንድ መኪና ላይ ያለው የማዕድናቱ ድምር መጠን ከጥቂት ግራም አያልፍም። ከሦስቱ አንዱ የሆነው ፕላቲነም በኢትዮጵያም የሚገኝ ሲሆን፣ በምዕራብ ወለጋ ዩብዶ በሚባለው ስፍራ ከእ.ኤ.አ. 1920ዎቹ ጀምሮ ሲወጣ የኖረ ማዕድን ነው።

ጭሱ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ሲያልፍ ሦስት ለውጦች በአንድ ጊዜ ይካሄዳሉ። ቀለምም ሽታም የሌለው ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ ሳይቃጠል የወጣው ነዳጅ ወደ ውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ ሳንባን የሚጎዱት የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ደግሞ ተመልሰው በአየር ውስጥ በብዛት ያለው ናይትሮጅን ይሆናሉ። ለዚህ ሥራ ዕቃው ራሱ ቢያንስ 250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ አለበት፤ በተጨማሪም ሞተሩ ለአንድ ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር እያመጣጠነ ማቃጠል ይኖርበታል። ይህን ሚዛን የሚጠብቀው ኦክስጅን ሴንሰር ነው፤ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን እየለካ ለመኪናው ኮምፒውተር ያሳውቃል። በቅርብ ዘመን መኪኖች ላይ አንዱ ሴንሰር ከካታላይዘሩ በፊት፣ ሁለተኛው ከካታላይዘሩ በኋላ ይገጠማል፤ ኮምፒውተሩም የሁለቱን ልኬት እያነጻጸረ ካታላይዘሩ በሥራ ላይ መሆኑን ይከታተላል።

ከዚህ ሁሉ ለዕድሜው ጥያቄ ወሳኝ የሆነው ነጥብ፣ ማዕድናቱ ለውጡን የሚያፋጥኑ እንጂ በለውጡ ውስጥ የሚያልቁ አለመሆናቸው ነው። የፍሬን ሸራ በሰበቃ ያልቃል፣ ካንዴላም በእሳት ብልጭታ ጫፉ ይበላል፤ ካታላይዘር ግን በመሥራቱ ብቻ አያልቅም። ስለዚህ የሞተር ዘይት በየተወሰነ ኪሎ ሜትር እንደሚቀየር ሁሉ ካታላይዘርም በየዚህን ያህል ዓመት ይለወጥ የሚል የአገልግሎት መርሐ ግብር የለውም።

የዕቃው ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪ በአሜሪካ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለመኪና ጭስ የሚሆን ካታላይዘር ቢሠራም፣ በዘመኑ ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ማዕድናቱን እየሸፈነ ከሥራ ስላስወጣቸው ፈጠራው ለሰፊው ገበያ ሳይበቃ ቀረ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 የንጹሕ አየር ሕጓን ካጠበቀች በኋላ ከ1975 ሞዴል ጀምሮ አብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች ካታላይዘር ተገጠመላቸው፤ እርሳስ አልባ ቤንዚንም በየማደያው እንዲቀርብ የግድ ሆነ። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተው በ2005 መጨረሻ ከገበያ አስወጡት። ከዚያ ዘመን በፊት ካታላይዘር ያላት መኪና እርሳስ ባለበት ቤንዚን ስትነዳ ዕቃው በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ከአገልግሎት ውጪ ይሆን ነበር። ካታላይዘር ለዚህ አገር ነዳጅ አይሆንም የሚለው አስተሳሰብ በዚያ ዘመን እውነት ነበረው፤ እርሳሱ ከወጣ ሃያ ዓመት ባለፈው በዛሬው ቤንዚን ላይ ግን መሠረት የለውም።

በቁጥር ሲነገር፣ የአሜሪካ ሕግ አምራቾች ለካታላይዘር የ8 ዓመት ወይም የ80,000 ማይል፣ ማለትም የ129,000 ኪሎ ሜትር ያህል ዋስትና እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ የአውሮፓው ዩሮ 5 መመዘኛ ደግሞ የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃዎች 160,000 ኪሎ ሜትር ተነድተውም ብቁ ሆነው እንዲገኙ ይጠይቃል። እነዚህ ዝቅተኛ ግዴታዎች ናቸው፤ ሞተሩ ጤነኛ በሆነ መኪና ላይ ካታላይዘር ከዚህ አልፎ እስከ መኪናው ዕድሜ ፍጻሜ ሊያገለግል ይችላል። ከጃፓን፣ ከአውሮፓ ወይም ከዐረብ አገሮች አገልግለው የገቡ መኪኖች ኪሎ ሜትራቸው የሚታመን ባለመሆኑ ግን በኢትዮጵያ ዕድሜን በቆጣሪ ማስላት ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ካታላይዘርን የሚገድሉትን ነገሮች ለይቶ ማወቅ ነው፤ ገዳዮቹም ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጡት ከሌላ ዕቃ ብልሽት ነው።

የመጀመሪያውና ፈጣኑ ገዳይ በሞተሩ ውስጥ ሳይቃጠል የሚያልፍ ቤንዚን ነው። ካንዴላ ሲያረጅ፣ ኮይል ሲደክም ወይም ኢንጀክተር ሲያፈስ ከአንዱ ሲሊንደር የሚወጣው ጥሬ ነዳጅ የጋለው ካታላይዘር ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቃጠላል። የተለመደው የሥራ ሙቀት ከ400 እስከ 800 ዲግሪ ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ900 ዲግሪ ሲያልፍ የደቀቁት ማዕድናት እርስ በርስ እየተጣበቁ የሥራ ገጻቸው ይጠብባል፤ ወደ 1,400 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ ሴራሚኩ ራሱ ቀልጦ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን በሚወጣው፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ በሚቀያየርበት መንገድ ላይ አንድ ሲሊንደሩ የማይሠራ መኪና ሙሉ ጭነት ይዞ ሲወጣ፣ ሾፌሩ እንደምንም ደጀን ልድረስ ሲል በሚቆየው ግማሽ ሰዓት ውስጥ የካታላይዘሩ ዕድሜ ሊያበቃ ይችላል። የሚንቀጠቀጥ ሞተርና ብልጭ ድርግም የሚል የሞተር መብራት አብረው ከታዩ አደጋው በዚያው ሰዓት እየደረሰ ነውና መኪናውን ዳር ማስያዝ ይገባል። ባትሪ የደከመበትን መኪና በግፊ ማስነሣትም ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ ጥሬ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ስለሚልክ፣ አምራቾች ካታላይዘር ያላቸው መኪኖች ከሌላ ባትሪ በገመድ ተነሥተው እንዲሄዱ እንጂ እንዳይገፉ ያስጠነቅቃሉ።

ሁለተኛው ገዳይ ዘይት ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ግን ብዙ ጊዜ አይጠረጠርም። በሞተር ዘይት ውስጥ ብረትን ከመበላት ለመጠበቅ የሚጨመሩት ፎስፈረስና ዚንክ፣ ዘይቱ ወደ ሲሊንደር አልፎ ሲቃጠል ከጭሱ ጋር ሄደው በማዕድናቱ ላይ ይለጠፋሉ። በየሳምንቱ ዘይት የሚጨመርበት፣ ጠዋት ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ መኪና ካታላይዘሩን በየቀኑ እየመረዘ ነው። በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በቶዮታ ኮሮላ ላይ የተገጠመው ዋን ዜድ ዜድ የሚባለው ሞተር በዘይት መብላት የታወቀ ነበረ፤ እንዲህ ያለ መኪና የያዘ ሰው ካታላይዘሩን ከመውቀሱ በፊት የዘይት መለኪያውን ዘንግ ቢያይ ይሻላል። የራዲያተር ውሃም እንደዚሁ ነው፤ በዓባይ በረሃ ሙቀት ውሃ ያፈላ ሞተር የቴስታታ ጋስኬቱ ከተቃጠለ፣ ፈሳሹ ወደ ሲሊንደር ሾልኮ በውስጡ ያሉት ኬሚካሎች በካታላይዘሩ ግድግዳ ላይ ይጋገራሉ።

የነዳጁ ነገር በተለይ በክፍለ ሀገር ከተሞች በብርቱ ሊታሰብበት ይገባል። ቤንዚን ከማደያ ሲጠፋ በመንገድ ዳር በጄሪካንና በሃይላንድ እየተቀዳ ይሸጣል፤ የሚገዛው ሰው ነጭ ጋዝ፣ ናፍጣ ወይም ውሃ እንዳልተቀላቀለበት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን በሚገባ ስለማይቃጠል የተረፈው ወደ ካታላይዘሩ ይሄዳል፤ ጉዳቱም ከላይ እንደ ተገለጸው ነው። ችግሩ የሾፌሩ ጥፋት አይደለም፤ ነዳጅ በወረፋ በማይገኝበት ጊዜ የሚያገኘውን ከመግዛት ሌላ ምርጫ የለውም። በአንጻሩ መንግሥት በአዲስ አበባ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከቤንዚን ጋር ሲቀላቅለው የነበረው፣ ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሚገኘው ኤታኖል በመጠኑ እስካለ ድረስ ካታላይዘርን አይጎዳም።

የመንገድ ጉዳት ሌላው ነው። ሴራሚኩ ተሰባሪ በመሆኑ ድንጋይ ወይም ከፍ ብሎ የተሠራ የፍጥነት መቀነሻ የመኪናውን ሆድ ሲመታው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በክረምት የጋለ ካታላይዘር በድንገት ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሲገባም እንዲሁ። ከዚህ ጋር አብሮ መታወቅ ያለበት የእሳት አደጋ አለ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ጤፉና ስንዴው በሚወቃበት ወቅት መኪና ወደ አውድማ ተጠግቶ ደረቅ ጭድ ወይም ገለባ ላይ ቢቆም፣ ከጋለው ካታላይዘር የሚወጣው ሙቀት ጭዱን አቀጣጥሎ እህሉንም መኪናውንም ሊያጠፋ ይችላል።

ካታላይዘሩ መሞቱን የሚያሳዩ ምልክቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑ ጭሱ መውጫ ስለሚያጣ ሞተሩ ይታፈናል፤ መኪናው በሜዳ ደኅና እየሄደ ዳገት ላይ ይሰንፋል፣ ነዳጅ ሲሰጡት አይነሣም፣ ከወለሉ በታች ያልተለመደ ሙቀት ይሰማል፣ ሲብስም ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል። ማዕድናቱ ሲመረዙ ግን መኪናው ያለ ምንም የጉልበት ለውጥ ይሄዳል፤ የሚታየው በዳሽቦርድ ላይ የሚበራው የሞተር መብራትና በመመርመሪያ ኮምፒውተር የሚነበበው ፒ 0420 የሚባለው ኮድ ነው። የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ከነዳጁ ድኝ የሚመጣ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ሞተሩ ነዳጅ ማብዛቱን ነው። መኪናው ሲነሣ ከሆዱ ሥር የሚሰማ የሚንኳኳ ድምፅ ደግሞ ሴራሚኩ መሰበሩን ይናገራል፤ በላስቲክ መዶሻ ቀስ ተደርጎ ሲመታ በውስጡ የሚንሿሿ ነገር ካለ ምርመራው በዚያው ያበቃል።

በጎጃም ደጋ ላይ ለሚነዱ ሰዎች በዚህ ረገድ አንድ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አማኑኤልም ደብረ ማርቆስም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ ሩብ የሚሆነውን ያጣል፤ ይህም ብልሽት ሳይሆን የተፈጥሮ ሕግ ነው። ከቆላ ወደ ደጋ የወጣች ትንሽ መኪና ዳገት ላይ ደከመች ተብሎ ደኅናው ካታላይዘር ተደፍኗል በሚል ግምት ቢፈታ ጉልበቷ አይመለስም። እውነቱን ለማወቅ የፊተኛውን ኦክስጅን ሴንሰር ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ መግጠም በቂ ነው፤ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲሽከረከር ከ20 ኪሎ ፓስካል በላይ ግፊት ከተነበበ ከዚያ ወዲያ ያለው መስመር ታፍኗል፤ ከዚያ በጣም ካነሰ ካታላይዘሩ ለዳገቱ ድካም ተጠያቂ አይደለም። ሥራው ለአንድ መካኒክ ከአንድ ሰዓት የሚያልፍ አይደለም።

ፒ 0420 የሚለው ኮድም ቢሆን ብቻውን ካታላይዘሩ እንዲለወጥ የሚያስፈርድ ማስረጃ አይሆንም። ከኋለኛው ሴንሰር በፊት በጭስ መስመሩ ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ንጹሕ አየር አስገብቶ ልኬቱን ያዛባል፤ ያረጀ ሴንሰር ራሱ የተሳሳተ መረጃ ይሰጣል። ስለዚህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ፍሳሹን መድፈን፣ ካንዴላና ኮይሎችን መፈተሽ፣ የዘይትና የውሃ ማነስን መከታተል፣ ሴንሰሮቹን መለካት፣ በመጨረሻም ስለ ካታላይዘሩ መወሰን ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ኮዱ ከተመለሰ፣ ወይም መስመሩ ታፍኖ ከተገኘ፣ ወይም ሴራሚኩ ከተሰበረ ካታላይዘሩ መለወጥ አለበት። የተሰበረውን ማቆየት በተለይ ካታላይዘሩ ከሞተሩ አጠገብ በሆነባቸው መኪኖች ላይ አደገኛ ነው፤ በአንዳንዶቹ የሴራሚኩ ብናኝ ወደ ኋላ ተስቦ ሲሊንደሩን ሊቧጭረው ይችላል።

አዲስ የፋብሪካ ካታላይዘር እጅግ ውድ ነው። ርካሽ ተመሳስለው የሚሠሩት የማዕድን መጠናቸው አነስተኛ ስለሆነ ዕድሜያቸውም ያጥራል፤ አሜሪካ ውስጥ እንኳ የእነዚህ ዓይነቶቹ የጭስ ማጣራት ብቃት እንዲረጋገጥ ሕጉ የሚጠይቀው ለ40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራና በመሰል የመለዋወጫ ገበያዎች ከተፈታ መኪና የወጣ የሚገዛ ሰው በባትሪ መብራት ውስጡን አይቶ ቀዳዳዎቹ ያልቀለጡ፣ ጥቀርሻና ነጭ ቅርፊት ያልጋገረባቸው፣ ሴራሚኩም ሳይነቃነቅ በቦታው ያለ መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል። የገደለው ብልሽት ሳይጠገን የሚገጠም ካታላይዘር አዲስም ይሁን አሮጌ በወራት ውስጥ ይሞታል፤ ብዙ ባለመኪኖች በካታላይዘር ተስፋ የሚቆርጡትም በዚህ ምክንያት ነው።

በብዙ ጋራዦች የሚመረጠው መፍትሔ ግን ሌላ ነው፤ የካታላይዘሩን ውስጥ አራግፎ ባዶ ቆርቆሮውን መልሶ መግጠም ወይም በቦታው ቀጥ ያለ ቱቦ መበየድ፣ ቀጥሎም ኮምፒውተሩ እንዳይከስ የኋለኛውን ሴንሰር በማራቂያ ማታለል። የታፈነ መኪና በዚህ መንገድ ጉልበቱ ስለሚመለስ ባለቤቱ ይደሰታል፤ ደኅና ካታላይዘር ሲወጣ ግን የሚገኘው የጉልበት ትርፍ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከዚያ በኋላ መኪናው የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ የሚይዝ በመሆኑ አየሩ አስቀድሞ በሳሳበት ደጋ ላይ ጉዳቱ ይከፋል፤ በመናኸሪያ የሚውሉት ተራ አስከባሪዎች፣ ቆሎና ውሃ የሚሸጡት ልጆች ከማንም በፊት የሚተነፍሱት እርሱን ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ለቦሎ የሚደረገውን ዓመታዊ ምርመራ ይደነግጋል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ አካባቢን መበከልን ይከለክላል። በዓመታዊው ምርመራ ላይ የጭስ ልኬት በእውነተኛ መሣሪያ ቢደረግና ካታላይዘሩ በቦታው መኖሩ ቢታይ አብዛኛው የማራገፍ ሥራ በራሱ ይቆም ነበር።

በናፍጣ የሚሠሩት አሮጌ ሚኒባሶችና የጭነት መኪኖች አብዛኞቹ ከመጀመሪያውም ካታላይዘር የሌላቸው ስለሆኑ ይህ ጉዳይ አይመለከታቸውም። በኤሌክትሪክ የሚሠሩትም ጭስ ስለሌላቸው አያስፈልጋቸውም። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ ያደረገ በመሆኑ፣ ዛሬ በመንገድ ላይ ያሉት የቤንዚን መኪኖች ለብዙ ዓመታት እየተጠገኑ እንደሚነዱ የታወቀ ነው፤ የእነርሱ ካታላይዘር መጠበቅም ከቀድሞው ይልቅ አሁን ይበልጥ ያስፈልጋል።

የተፈታ ካታላይዘር ውስጡ ያሉት ማዕድናት ዋጋ ያወጣሉ። ሮዲየም እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ገበያ በአንድ ወቄት ከ29,000 ዶላር በላይ መድረሱ በብዙ አገሮች የካታላይዘር ሌብነትን ያስፋፋ ነበር፤ ዋጋው ከዚያ ወዲህ ቢወርድም ገዢው አልጠፋም። ስለሆነም ካታላይዘሩ መፈታት አለበት የተባለ ባለመኪና በመጀመሪያ ምን እንደገደለው መካኒኩን ይጠይቅ፣ ግፊቱ ሲለካም ቆሞ ይይ፤ መለወጡ የግድ ከሆነም አሮጌውን ሙሉውን ተረክቦ ይሂድ፤ ንብረቱ የእርሱ ነውና።